የተካ ሱሪ፣ የጃራ ጃኬት

ፉፋ ፊት አያይም። ዓይኑ ታሞ አይደለም፤ ስድሳ ዓመት ሞልቶትም ክር በመርፌ ቀዳዳ የሚያሾልከው ያለ መነጽር ነው። ነገር ግን ነቀምቴ ገበያ ዳር ወዳለችው በረንዳው የድሮ የወታደር ፎቶግራፍ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው፦ ፉፋ ከስፌት መኪናው መሳቢያ አንዲት የሸሚዝ ካርቶን ያወጣል፣ እፍ ብሎ አቧራዋን ያራግፋል፣ ከዚያም ፎቶው ላይ የተደረደሩትን ሰዎች ከአንገት በላይ ይሸፍናቸዋል።

"ኧረ ማሎ፣ ኦቦ ፉፋ! ፊቱን ሸፈኑብኝ እኮ!" ትላለች ባለ ፎቶዋ።

"ፊት ምን ይሠራልሻል? ፊት ይዋሻል። ስፌት አይዋሽም።"

ይህን ጥበብ ከየት አመጣው ቢባል፣ ከጦርነቱ ነው። በሃያ ዓመቱ ተመልምሎ ማሠልጠኛ ሲገባ በመጀመሪያዋ ጥይት የራሱን ዒላማ ትቶ የጎረቤቱን መታ፤ በሁለተኛዋ የአሥር አለቃውን የሻይ ማንቆርቆሪያ። አሥር አለቃው ማንቆርቆሪያዋን ወደ ፀሐይ አንሥቶ በቀዳዳዋ ሰማዩን አየበት። ብዙም አልተቆጣ። "አንተ ልጅ፣ አገርህ ሥራህ ምን ነበር?" አለው።

"የአጎቴ የስፌት መኪና ላይ ቁልፍ እተክል ነበር፣ ጌታዬ።"

"በል ሂድና ቁልፍህን ትከል።"

እንዲህ ሆኖ ሠራዊቱ ከፉፋ ጥይት ተረፈ፣ ፉፋም ከጦርነቱ ተረፈ። ሰሜን ግንባር ላይ በድንጋይና በአሸዋ ከረጢት በታጠረች ጉድጓድ ውስጥ የእግር መኪናውን እየረገጠ የአንድ ሙሉ ሻለቃ ጦር ሱሪ ሰፋ። የማን ትከሻ ወደ ግራ እንደሚያዘነብል ያውቃል። የማን ሱሪ የቱ ጋ ቀድሞ እንደሚቀደድ ያውቃል፤ ጸሎተኛው ጉልበቱ ላይ፣ ካርታ ተጫዋቹ መቀመጫው ላይ። ሰው ሲሞትም ሱሪው ተመልሶ ወደ ፉፋ ይመጣ ነበር፤ ለሌላ ሰው እንዲጠብ ወይም እንዲሰፋ። ፊት ማየት የተወው ያን ጊዜ ነው። ፊት ካየ ያለቅሳል፤ ካለቀሰ ስፌቱ ይጣመማል፤ ስፌቱ ከተጣመመ ደግሞ አሥር አለቃው ማንቆርቆሪያዋን ያስታውሳል።

ዛሬ በከተማው ስለ ሟች ወታደር ጥያቄ ያለው ሁሉ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። አንድ ጊዜ አራት እህትማማቾች "ኮሎኔል አባታችንን ይዩልን" ብለው ትልቅ ፎቶ ይዘው መጡ። ፉፋ ካርቶኑን ደፋ፣ የትከሻውን ገመድ በጣቱ ተከተለና፣ "ይሄ የሙዚቃ ጓድ ልብስ ነው። አባታችሁ ከበሮ መቺ ነበሩ" አላቸው። እያለቀሱ ሄዱ። በሳምንቱ ተመልሰው "ግን ጎበዝ መቺ ነበር?" ብለው ጠየቁት። ሌላ ቀን ደግሞ ከኪራሙ ወደ ከተማ የመጣ እንድሪስ የሚባል የወሎ ሰው የወንድሙን ፎቶ አመጣ። ፉፋ ክርኑ ላይ ያለውን መጣፊያ አይቶ "ይሄ ነው" ሲለው፣ እንድሪስ ካርቶኑ እስኪነሣለት እንኳ አልጠበቀም፤ ወንድሙን ክርኑ ላይ ሳመው።

ለምን አላገባህም ለሚሉት ፉፋ አንድ መልስ አለው፦ "ልኬን የሚያውቅ ጠፋ።"

እንግዲህ ከአምስት ዓመት በፊት ዮሚፍ የሚባል ባትሪ ሻጭ ወደዚህ በረንዳ መጣ። አባቱ ተካ ሲዘምት ዮሚፍ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ተካም በዚያው ቀረ። ያመጣት ፎቶ ትንሽ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ዳርዳሯ እንደ ድሮ ብስኩት የተቆራረጠ ነበረች። አምስት ወታደሮች በጥይት ሣጥን ክምር ዙሪያ ቆመውባታል።

"እናቴ ዲጋ ናት፤ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል" አለ ዮሚፍ። "ሳልነግራት አሳድጌ፣ ፍሬም አስገብቼ ላስደስታት ነው። አባቴ የትኛው ነው?"

የተካ ስም ሲጠራ ፉፋ ከወንበሩ ሊዘል ምንም አልቀረው። ተካ ጓደኛው ነበር! ለተካ ከድንኳን ጨርቅ የሰፋለት ሱሪ ቀኝ ጉልበቱ ላይ የትምባሆ ኪስ ነበረው፤ እንዲህ ያለ ሱሪ በመላው ሠራዊት ሌላ አልነበረም። ካርቶኑን ከወገብ በላይ ደፋና ከስር የቀሩትን እግሮች አንድ በአንድ ተመለከተ።

"ይሄውልህ! የጉልበት ኪስ! አባትህ ይሄ ነው።"

ሦስት ዓመት አለፈና ደግሞ አዱኛ መጣ፤ ከኑኑ ቁምባ ወርዶ ነቀምቴ ላይ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጥ ሰው። እሱም የአባቱን የጃራን ፎቶ ይዞ ነበር፤ የታችኛውን ግማሽ አይጥ በልታዋለች። ጃራንም ፉፋ ያውቀዋል። ጃራ ግራኝ ስለነበር የደረት ኪሱን በቀኝ በኩል፣ ያውም አዘንብሎ፣ የሰፋለት እሱ ራሱ ነው። ካርቶኑን ከአንገት በላይ አደረገ። ያዘነበለችው ኪስ ከመሃል ከቆመው ሰው ደረት ላይ ቁልጭ ብላ ታየችው።

"ይሄውልህ! አባትህ ይሄ ነው።"

ሁለቱም ልጆች በየጊዜያቸው ወደ አንድ ፎቶ ቤት ሄዱ። የፎቶ ቤቱ ሰው የተመረጠላቸውን ወታደር ከጓደኞቹ መሃል ቆርጦ አወጣና ለዮሚፍ ፏፏቴ ፊት አቆመለት፣ ለአዱኛ ደግሞ የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ፊት። ለዮሚፍ ሁለት ሜዳሊያ መረቀለት፤ ለአዱኛ፣ የተሻለ ደንበኛ ስለነበር፣ አራት።

ከዚያ ፍቅር መጣ። የዮሚፍ ልጅ ሊሊሴና የአዱኛ ልጅ ገመቺስ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ተዋወቁ። እሷ ቀጭኑን ድምፅ የምትዘምር ሶፕራኖ ነች፤ እሱ ከኋላ ቆሞ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል፣ ድምፅ ስለሌለው። ለእሷ ሲል ብቻ ሁለት ዓመት አፉን አንቀሳቀሰ። እንዲህ ያለ ትጋት ሽማግሌ ሊላክበት ይገባልና አዱኛ ሽማግሌ ላከ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ሠርፀ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ የአዱኛ የግድግዳ ጎረቤት። ሦስቱ ሽማግሌዎች ወደ ዮሚፍ ቤት ገቡ፣ በወጉ ሰላምታ ተለዋወጡ፣ በወጉም ቁጭ ከማለታቸው በፊት ትንሽ ቆሙ። የወለጋው ሥራ ሥር አንጮቴ ቀርቧል፤ ቅቤው ይሸታል። ጋሽ ሠርፀ "የመጣንበት ጉዳይ" ብለው ቀና አሉ፤ ቀና እንዳሉም ቀሩ።

"ጃራ!" አሉ።

"የት?" አለ ዮሚፍ።

"ግድግዳው ላይ! ጃራ ምን ይሠራል እዚህ? ቅዳሜ ቅዳሜ ሥሩ ተቀምጬ ዳማ እጫወታለሁ እኮ!"

"ጋሽ ሠርፀ፣ አባቴ ነው። ተካ።"

"ይሄ ጃራ ነው። የአዱኛ አባት። ቤተ መንግሥቱን ትቶ ፏፏቴ ሄዶ ነው እንጂ ጃራ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በዚህ አገር እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ ሰባት ቤት ቀርቶ ሁለት ቤት አልደረሱም። አንድ አያት! አንጮቴው ሳይነካ ሦስቱም ተነሥተው ወጡ። ሳይበላ የተወጣበት የሽምግልና ቤት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ወሬው ባጃጅ ተሳፍሮ ከተማውን ለመዞር ከሰዓት በላይ አልወሰደበትም። ወታደሩ ሁለት ስም ነበረው። ሁለት ሚስት ነበረው። አንዳንዱማ ሦስተኛዋን ቄለም ላይ አያት።

በማግስቱ ሁለቱ አባቶች ፍሬሞቻቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ጋሽ ሠርፀን ከፊት አስቀድመው፣ ፉፋ በረንዳ ላይ ደረሱ። ሁለቱን ፍሬሞች የስፌት መኪናው ላይ ጎን ለጎን አቆሟቸው። ትንንሾቹን ፎቶዎችም ከሥራቸው አስቀመጡ።

"አንተ ነህ ለሁለታችንም የመሰከርከው" አለ አዱኛ። "በል አሁን ማነው?"

ፉፋ እንደ ልማዱ እጁን ወደ መሳቢያው ሲሰድ ጋሽ ሠርፀ ካርቶኑን ከእጁ ነጥቀው ላዩ ላይ ተቀመጡበት።

"ዛሬ ፊት ታያለህ!"

ፉፋ ፊት አየ።

ወጣት ነው። አገጩን ወደ ላይ አንሥቷል፤ አንድ እግሩን ሣጥን ላይ አድርጎ፣ ዓለምን ገና አሁን ገዝቶ ዋጋው የረከሰለት ይመስላል። ግራ ጆሮው እንደ ስኒ ጆሮ ወደ ውጭ ወጥታለች። ፉፋ እጁ ሳይታዘዝ ተነሥቶ የራሱን ግራ ጆሮ ነካ። ሰው ከራሱ ጋር እንደዚህ ድንገት ሲገናኝ ምን ይላል? ፎቶ የተነሣባትን ቀን ፈጽሞ አልረሳም፤ ፎቶዋን ግን በሕይወቱ አይቷት አያውቅም ነበር።

ያን ጊዜ፣ ግንባር ሳለ፣ እናቱ ከነቀምቴ ደብዳቤ ጻፈችለት፦ ልጅ አይቼልሃለሁ፣ ቤተሰቧ ግን መልክህን ካላየን ብለዋል፤ ሰው የምትመስልበት ፎቶ ላክ። ልብስ ሰፊው ደግሞ ልብስ አልነበረውም። ቀን ከሌሊት የሌላውን ሲጠግን የራሱ ሱሪ ሁለት እግር ያለው ወንፊት ሆኖ ነበር። ተዘዋዋሪ ፎቶ አንሺው በመጣ ቀን ጓደኞቹ ተረባርበው አለበሱት። ተካ ሱሪውን አወለቀለት። ጃራ ጃኬቱን አወለቀለት። የአርሲው ልጅ ቀበቶ፣ የጎጃሙ ልጅ ጫማ። በሁለተኛው ቀን ፉፋ በወባ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ፤ ፎቶው ሲታጠብ ጓደኞቹ ለእናቱ ላኩለት፣ ለየራሳቸው ቤትም አንድ አንድ ላኩ።

ልጅቷ ፎቶውን አይታ እሺ አለች። ጦርነቱ ሲያልቅ ፉፋ ከሰሜን እስከ ወለጋ በእግሩ መጣ፤ ከስቶ፣ ከስቶ፣ ጆሮው ብቻ ቀርቶ። ልጅቷ በር ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ "ይሄ ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ አይደለም" አለች። አባቷም ተስማሙ። ፎቶውም ከእነሱ ዘንድ ቀረ።

"እህ?" አሉ ጋሽ ሠርፀ። "ተካ ነው፣ ጃራ ነው?"

"ቅዳሜ" አለ ፉፋ። ድምፁ የሌላ ሰው ሆነበት። "ቅዳሜ ሁላችሁም ተሰብሰቡ። ያኔ እናገራለሁ።"

"ዛሬ የማታውቀውን ቅዳሜ ልታውቅ ነው?"

"ካርቶኔን መልሱልኝ" አለ ፉፋ።

ቅዳሜ እስኪደርስ አልሠራም። የመላጫ መስተዋቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ራሱን ያያል። ራሰ በራ ሆኗል፤ ከፊት ጥርሶቹ ሁለቱ የሉም። ካርቶኑን ከአንገቱ በላይ አድርጎ ኮሌታውን አየው፤ ኮሌታውን አወቀው። ካርቶኑን ሲያወርደው ግን መልሶ ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። ቢናገር ሁለት ነገር ይደርስበታል፦ አንደኛ "ስፌት አይዋሽም" የተባለለትን ስሙን ያጣል፣ ሁለተኛ ደግሞ ያንን በር ላይ የሰማውን ቃል አሁንም በሕዝብ ፊት ይሰማል። ዝም ቢልስ? ዝም ቢልማ ማንም ምንም አይለውም፤ ወታደሩ ሁለት ሚስት ያገባ ባለጌ ሆኖ ይቀራል።

ሐሙስ ዕለት ሊሊሴ መጣች። የሚሰፋ ነገር አልያዘችም።

"አካም ቡልተን፣ ኦቦ።"

"ደህና፣ ልጄ። ቁጭ በይ።"

አልተቀመጠችም። "ውሸት ይመስክሩልኝ ልል አልመጣሁም። አንድ ሰው ከሆነም ይሁን። ግን ቶሎ ይበሉ። ገመቺስ ከስቷል። ትናንት መዝሙር ላይ አፉን እንኳ አላንቀሳቀሰም።"

ፉፋ ቀና ብሎ አያት። ዓይኗ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ለማወቅ ካርቶን አላስፈለገውም፤ ካርቶንም አይጋርደውም ነበር። ከሄደች በኋላ መስተዋቱን ወደ ግድግዳው አዞረው።

ቅዳሜ የዮሚፍ ቤት ሞላ። ዮሚፍና አዱኛ ፊት ለፊት፣ ሽማግሌዎቹ መሃል፣ ሊሊሴና ገመቺስ እንደ ተከሳሾች በተለያየ ጥግ። የዮሚፍ እናት አዴ ድርቤም ከዲጋ በሚኒባስ መጥተው ነበር፤ ሞራ የጋረደው ዓይናቸው ፉፋ ካለበት ትንሽ ወዲያ እያየ ይቆጣል።

"ተካ ነው አሉ ሁለት ሚስት ያገባው?" አሉ ገና ሰላምታው ሳያልቅ። "ተካ! እኔን አንዷን ስሜን እየረሳ 'አንቺ' የሚለኝ ሰውዬ!"

ፉፋ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እሱ ተካ አይደለም" አለ። "ጃራም አይደለም።"

"ታዲያ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

ዮሚፍ ግድግዳውን አየ፤ ፉፋን አየ፤ ግድግዳውን አየ። ከዚያ የሆነ ሰው፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሰለኝ፣ ሳቁን ሊያፍን ሲሞክር በአፍንጫው አመለጠው።

"ኦቦ ፉፋ" አለ አዱኛ በትሕትና፣ ለታመመ ሰው እንደሚነገር። "ይሄ በግድግዳው ላይ ያለው ሰውዬ እኮ መልከ መልካም ነው።"

"ነበርኩ።"

"ጠጉር አለው።"

"ነበረኝ!"

"ያ ዋቃ፣ ያንተ ያለህ!" አሉ ጋሽ ሠርፀ። "ፊት አትዩ፣ ፊት ይዋሻል ስትል ሠላሳ ዓመት ኖረህ፣ ዛሬ ተነሥተህ ፊቴን እዩልኝ ትላለህ? ይሄ አንተ አይደለህም።"

ይኸው፤ የፈራው ቃል መጣ። ፉፋ መሬት መሬት አየ። ሊሄድም ፈለገ። ነገር ግን ዓይኑ ወደ መሬት ሲወርድ ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠችው በትንሿ ፎቶ በኩል አለፈ፤ እንደ ልማዱም ዓይኑ ከአንገት በታች ወደቀ። ሁልጊዜ የሚያየው የራሱን ስፌት ነበር። ዛሬ ግን ልክን አየ። ያ የቆመ ወጣት ምን ያህል የማይሆን ልብስ ነው የለበሰው!

"ፊቱን ተዉት" አለ። "ፊቱን ተዉትና ወዲህ ኑ። እጅጌውን እዩ። ጣቱን ውጦታል። ጃራ እጁ ረጅም ነበር፤ እኔ ነኝ የለካሁት። አሁን ሱሪውን እዩ፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንኳ አልደረሰም፣ ስንዝር ሙሉ ባዶ እግር። ተካ አጭር ነበር። ከላይ ረጅም፣ ከታች አጭር የሆነ ሰው አለ? እንዲህ ያለ ሰው በመላው ሠራዊት አልነበረም፤ ቢኖር እኔ አውቀው ነበር። ሁለት ሰው ነው የለበሰው። እኔ ያየሁት ባለቤቱን ነው፤ ለባሹን አላየሁም። ተሳስቻለሁ። ያውም ሁለት ጊዜ!"

ጋሽ ሠርፀ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ለመስማት ብቻ አልፈቀዱም። የፉፋን የአንገት ሜትር ተቀብለው ክንዱን ለኩ፣ እግሩን ለኩ፣ የጥይት ሣጥን ስላልነበረ የለስላሳ ሣጥን አስመጥተው አንድ እግሩን ላዩ ላይ አስቆሙት። "አገጭህን ቀና አድርግ" አሉት። "ከዚህ በላይ! ዓለምን እንደገዛ ሰው!" ስድሳ ዓመት የሞላው ልብስ ሰፊ አገጩን ቀና አድርጎ ቆመ። አንዱ ሽማግሌ ዞሮ ከጎኑ አየው፤ ሌላው ዓይኑን አጨንቁሮ አየው። ገመቺስ ከጥጉ "ጆሮው!" ብሎ ጮኸ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ጠንካራ ድምፅ ይህ ነበር፤ ሊሊሴ ደነገጠች።

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ዮሚፍ። "ይሄ አንተ ከሆንክ፣ አባቴ የት አለ?"

ፉፋ ከለስላሳ ሣጥኑ ወረደ። ትንሿን ፎቶ አነሣና ያልተሸፈኑትን ፊቶች አንድ በአንድ አየ፤ ቸኩሎ አላየም። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ሳቅ ነበር።

"ሱሪውን ለእኔ ሰጥቶኝ የለ" አለ። "ያለ ሱሪ እንዴት ፎቶ ይነሣ? ከጥይት ሣጥኖቹ ኋላ ነው የቆመው። ይሄው፤ ከወገብ በላይ ብቻ የሚታየው፣ የሚስቀው። ከሣጥኑ ጀርባ የውስጥ ሱሪ ብቻ ነው የለበሰው። ጃራ ደግሞ ይሄ ዳር ላይ በካናቴራ ብርድ እያንቀጠቀጠው እጁን ያጣጠፈው ነው።"

ሁሉም ወደ አዴ ድርቤ ዞረ። ሟች ባላቸው ያለ ሱሪ ቆመ ማለት፣ በሽማግሌ ፊት፣ በልጅ ልጅ የጋብቻ ጉዳይ ላይ፣ ድፍረት ነው።

አዴ ድርቤ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ተነቃነቀ። እያለቀሱ ነው ብሎ ዮሚፍ ሊይዛቸው ሲነሣ ሳቁ ፈነዳ።

"እሱ ነው!" አሉ። "እሱ ራሱ ነው! ሠርጋችን ማግስት ጋቢውን ለመንገደኛ ሰጥቶ የባንኮኒ መሸፈኛ ጨርቅ ለብሶ የገባ! በሬ ሲለምኑት በሬ፣ ማረሻ ሲለምኑት ማረሻ! 'ተካ፣ አንድ ቀን ሱሪህን ይለምኑሃል' ስለው 'ይሰጣቸዋላ' ያለኝ! ሰጠ ማለት ነው? በእውነት ሰጠ?"

"ቀበቶውንም ሊሰጠኝ ነበር፣ አዴ። የአርሲው ልጅ ቀደመው።"

"ያ ሌላውማ" አሉ እሳቸው ወደ ግድግዳው በእጃቸው እየጠቆሙ፣ "ጥላውን በጭላንጭል ባየሁት ቁጥር 'ተካ እንዲህ ተኮፍሶ አያውቅም፣ ምን ነካው?' እል ነበር። ልጄ ለፍቶ ያመጣውን ምን ብዬ?"

አዱኛ ከፎቶዋ ዓይኑን አላነሣም። ዳር ላይ ያለውን ባለ ካናቴራ ሰው እያየ ነበር፤ እጁን ያጣጠፈውን፣ በብርድ አገጩ የተነሣውን። "ግራ እጁ ነው ከላይ ያለው" አለ ቀስ ብሎ፤ ከዚያም የራሱን እጅ አጣጥፎ አየው። ግራው ከላይ ነበር።

ጋሽ ሠርፀ ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጡ። አሁን ተካና ጃራ ሁለት ሰው ስለሆኑ መቆጠር ነበረባቸው። በአንድ ወገን የተካን አባት፣ የአባቱን አባት፣ በሌላ ወገን የጃራን እያሉ ወረዱ፤ ወይም ወጡ፤ ትውልድ ወደየት እንደሚቆጠር እንኳ ለአፍታ ተከራከሩበት። ሦስተኛው ላይ ሁለቱም ወገን ስሙ አንድ የሆነ አያት ተገኝቶ ገመቺስ ሊወድቅ ነበር፤ አንዱ ግን ዲጋ የሞተ፣ ሌላው ኑኑ ቁምባ ላይ በሰባ ዓመቱ ያገባ ሌላ ሰው መሆኑ ተረጋገጠ። ሰባተኛው ላይ ደረሱ። አልተገናኙም።

"ስምንተኛው ላይስ?" አለ ጠንቃቃው ሽማግሌ።

"ስምንተኛውን ፈጣሪ ያውቃል" አሉ ጋሽ ሠርፀ፣ እስክሪብቶውን ከድነው።

የዚያን ዕለት ግን ጥያቄው አልተጠየቀም፤ አንዴ ተበላሽቶ የተወጣበት ሽምግልና እንደ አዲስ ከበር ነው የሚጀመረው። ለሳምንት ቀጠሮ ተያዘ። በዚያ ሳምንት የፎቶ ቤቱ ሰው የተካን ፎቶ እንዲያሳድግ ሲጠየቅ "ሱሪ ልጨምርለት? ሜዳሊያ?" ብሎ ነበር፤ አዴ ድርቤ በስልክ፣ ከዲጋ ድረስ እየጮሁ፣ "እንዳለ! ሣጥኑንም እንዳትነካው!" አሉት። ዮሚፍ ባለ ፏፏቴውን ፍሬም ከግድግዳው አውርዶ ለፉፋ ወሰደለት። አዱኛም ባለ ቤተ መንግሥቱን አመጣ፤ "አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነበር እኮ ጠዋት ጠዋት 'አባቴ ባርከኝ' ስልህ" አለው እየተቆጣ።

ሦስት ዓመትም አልሞላውም፤ ግን ፉፋ አልተከራከረም። "ባርኬህ ከሆነስ?" አለው።

ቀጠሮው ደረሰ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ወደ ዮሚፍ ቤት ገቡ፤ ፉፋም አራተኛ ሆኖ አብሯቸው ተልኮ ነበር፤ በዕድሜው ሁሉ ለሽምግልና ሲላክ የመጀመሪያው ነው፤ ለዚህ ቀን ብሎም ለራሱ ሱሪ ሰፍቷል፣ በልኩ። በወጉ ሰላምታ ተለዋወጡ። በወጉ ቆሙ። አዴ ድርቤ ከልጅ ልጃቸው አጠገብ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ጋሽ ሠርፀ ፊታቸውን አከበዱ፣ ምርኩዛቸውን ተደገፉ፣ "የመጣንበት ጉዳይ፣ ልጃችሁን..." ብለው ቀና አሉ።

ግድግዳው ላይ ተካ ይስቃል። ከወገብ በላይ ወታደር ነው፤ ከወገብ በታች የጥይት ሣጥን ነው። ትንሽ ደብዝዟል፣ ሲስቅ ስለተነቃነቀ።

ጋሽ ሠርፀ "ልጃችሁን" አሉ እንደገና። ጉንጫቸው ተነፋ። ሁለተኛው ሽማግሌ ላለመሳቅ ዓይኑን ወደ ፉፋ አዞረ፤ ይሄ የከፋ ስህተት ነበር። ሦስተኛው አንገቱን አስረዝሞ ከሣጥኑ ጀርባ የሚታይ ነገር እንዳለ ለማየት ሲሞክር ተያዘ። "ልጃችሁን ለ..." አሉ ጋሽ ሠርፀ፤ ከዚያ ምርኩዛቸውን ለቅቀው ወንበር ላይ ወደቁ፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። አርባ ዓመት ሙሉ ሲያጋቡ የኖሩ ሰዎች አንዲት ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃታቸው። ሊሊሴ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ ዮሚፍ ወግ ተበላሸ ብሎ ሊቆጣ ጀመረና እሱም አልቻለም።

"በቃ፣ በቃ፣ ገብቶናል!" አሉ አዴ ድርቤ እጃቸውን እያወናጨፉ። "ሰጥተናል! አሁን ቁጭ በሉና ብሉ፤ አንጮቴው ባለፈው ጊዜ እንደቀዘቀዘ ዛሬም እንዳይቀዘቅዝ።"